ለዳገቱ የተጨመረ ናፍጣ

ሌላው ሰው ዝናብ የመታው አፈር ወይም ያደገበት ሰፈር አበባ ሲሸተው ያለፈው ዘመን ትዝ ይለዋል ይባላል። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሆዴ ባር ባር የሚለው ናፍጣ ሲሸተኝ ነው። ሳቁ፣ ምን ቸገረኝ! ባለፈው ሐሙስ ከረሐፍ ጋር ከጂዛን ወደ አቡ ዐሪሽ ስንወጣ መሐጣ ጎራ አልን። መሐጣ ማደያው ነው፤ እዚህ ሳዑዲ ከመክረሜ የተነሳ ማደያ የሚለው ቃል አፌ ላይ ቶሎ አይመጣም። ረሐፍ በእጄ ያደገች ልጅ ናት፤ ዛሬ እሷም የልጆች እናት ሆናለች፣ መኪናዋንም የምትነዳው ራሷ ናት። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ሠራተኛውን «ዘጠና አንድ፣ ሙላው» አለችው፤ እሱም አረንጓዴውን የቤንዚን ቧንቧ አንስቶ ሰካላት። ከጎናችን አንድ የውኃ ቦቴ ቆሞ ናፍጣ ይቀዳ ነበር። ያ ከበድ ያለ፣ ቅባት ቅባት የሚል ሽታ በመስኮቱ ገባ። ወሬዬን አቋርጬ ወደ ቦቴው ዞርኩ። «ኻላ ዘይነብ፣ ምን ሆንሽ? አሞሽ ነው?» አለችኝ፤ ኻላ አክስት ማለት ነው። ስሜ ዘነቡ ነው፤ አያቷ በመጀመሪያው ቀን ዘይነብ አለችኝ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ በዚያው ቀረ። «አይ፣ ናፍጣው አንድ ነገር አስታውሶኝ ነው» ስላት ሳቋን ለቀቀችው። «ናፍጣ ደግሞ ምን ያስታውሳል?» አለች። እሷ ያኔ ገና አልተወለደችም፤ መንገዱን ሙሉ አወራኋት። ግማሹን በዐረብኛ ነገርኳት፤ ግማሹ ግን በዐረብኛ አልወጣልኝም።

ያኔ አል-ዓሪዳ ነበርን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ የመን በኩል ባለው ኮረብታ ላይ። ቤቱ የድንጋይ ነው፣ ከሥሩ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ማዶ ደግሞ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣ ዳገት። የቤቱ ባለቤት የረሐፍ አያት ሐጃ ናት። ሐጃ ማለት መካ ደርሳ የተመለሰች ማለት ነው እንጂ ስም አይደለም፤ እኛ ግን ሐጃ እንዳልናት ኖረን፣ ሐጃ እንዳልናት ተለየችን። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል። ልጇ ባባ ሐሰን ሩቅ ከተማ የመንግሥት ሥራ ስለነበረው የሚመጣው በሳምንቱ መጨረሻ ነው። መሐጣው ሩቅ በመሆኑ ነዳጅ እንደ እህል ግቢ ውስጥ ይከማቻል። በግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ በርሜሎች ቆመዋል፤ ቤንዚኑ ለወኔቷ፣ ናፍጣው ከሸለቆው ጉድጓድ ውኃ ለሚስበው ሞተር፣ አንዲት ጀሪካን ላምባ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ለፋኖስ። ወኔት የሚሉት ፒክአፑን ነው። ከበርሜሎቹ አጠገብ የአህዮቹ ሣርና የማሽላ አገዳ ተከምሯል። ሐጃ ጠዋት ጠዋት እየዞረች በርሜሎቹን በጣቷ ታንኳኳለች፤ ድምፁን ሰምታ ምን ያህል እንደቀረ ታውቃለች። ከዚያ ወደ አህዮቹ ሄዳ ጎናቸውን በዚያው ጣቷ መታ መታ ታደርጋለች። ለሷ ልዩነት የለውም፤ መንገድ የሚሄድ ነገር ሁሉ ሆዱ መሙላት አለበት።

ወኔቷን የሚነዳት ማን ነው ብትሉ፣ ባባ ሐሰን ከሌለ ሐጃ ራሷ ናት! ሴት መንዳት አይፈቀድላትም በሚባልበት ዘመን ሐጃ ጥቁር ዐባያዋን ሰብስባ፣ ትራስ ላይ ተደላድላ፣ ሸለቆው ውስጥ እየነዳች ሣር ታመጣ ነበር። አስፋልት ላይ ግን አትወጣም። «እዚያ ፖሊስ አለ፤ እዚህ ያለው ዝንጀሮ ነው» ትላለች። የተራራው ሴቶች ብዙዎቹ እንዲያ ነበሩ፤ ማንም ጉዳዬ ብሎ አያያቸውም። ዛሬ ረሐፍ መነጽሯን አድርጋ በሰፊው መንገድ ስትከንፍ ሳይ፣ ይችን ሴት ሐጃ ብታያት ምን ትል ይሆን እላለሁ። ቀስ በይ ማለቷ ግን አይቀርም።

ቤንዚን በዚያ ዘመን ከውኃ ይረክስ ነበር ብል ውሸት አይምሰላችሁ። አንዲት የታሸገች ውኃ በምትገዙባት ሪያል ቤንዚን ከሊትር በላይ ትቀዳላችሁ። ልጆቹ መኪና አስነስተው ለወሬ ብቻ ሲዞሩ ያመሻሉ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር የሚያጠፋ ሰው አላየሁም። ከተማ ስንወርድ የምንቆመው መንገዱ በሚገናኝበት ጥግ ነው፤ መሐጣው፣ ጎሚስታው፣ በቃላ የሚሏት ሱቅና የየመኑ ሰውዬ የካሴት መደብር በአንድ ረድፍ። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ዑድ በሚሉት ክራር መሰል መሣሪያ የተዘፈነ ዘፈን ይከፍታል፤ ቃሉ ባይገባኝም ዜማው ወደ ጉሮሮዬ ይወጣ ነበር። ወንዶቹ ወገባቸው ላይ ፉጣ ያሸርጣሉ፤ ከተራራው የሚወርዱት ሽማግሌዎች ራሳቸው ላይ የአበባና የሪሓን ጉንጉን ደፍተው ነው ነዳጅ የሚቀዱት። ሪሓን እኛ በሶብላ የምንለው ነው። መሐጣው እንግዲህ ቤንዚንና በሶብላ በአንድ ላይ ይሸታል። ሴቶቹ ደግሞ ፉል የሚሉትን ነጭ አበባ ፀጉራቸው ላይ ይሰኩታል። አንድ ቀን ሐጃ በክር የተሰካ ፉል ገዝታ አንገቴ ላይ ብታደርግልኝ፣ ዐይኔ እንባ ሞላ። ካገሬ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ያስጌጠኝ ያን ቀን ነበር።

እልፍነሽ እንደኔው ለቤት ሥራ የመጣችው እኔ ቤቱን በደንብ ከለመድኩት በኋላ ነው። የወሎ ገጠር ልጅ፣ ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች፣ ረዥም፣ ሥራ የማይበግራት። ልጅ እላታለሁ እንጂ አግብታ የፈታች ሴት ነበረች። እኔ የደሴ ከተማ ሰው ስለሆንኩ መኪና አውቃለሁ ብዬ እኮራባታለሁ፤ እሷ ደግሞ የጋማ ከብት አውቃለሁ ብላ ትኮራብኛለች። አባቷ በቅሎ የሚያከራዩ ሰው ነበሩ። ሐጃ አህያ ስታስጭን የአጫጫኑን ስሕተት ከሩቅ አይታ «ኧረ በስማም፣ ወደኋላ ከበደባት!» ብላ የምትሮጠው እልፍነሽ ናት። ስለ በቅሎ ማውራት ከጀመረች አታቆምም። ለሜዳ መንገድ ጭድ ይበቃታል፤ ዳገት ካለ ግን ከመንገዱ በፊት አመሻሽ ላይ ባቄላ ትበላለች፤ አባቷ ባቄላውን ደብቀው በመዳፋቸው ነበር የሚያበሏት፣ ሌሎቹ እንዳይቀኑ። ስለ መኪና ያላትን ሐሳብም ከዚያው ነው የቀዳችው። አገር ቤት ዳገቱን እያጓሩ የሚወጡት የጭነት መኪኖች ናፍጣ እንደሚጠጡ ታውቃለች። እዚህም ውኃውን ከሸለቆ ሥር ጎትቶ ኮረብታ ላይ የሚያወጣው ሞተር ናፍጣ ነው የሚጠጣው። ቤንዚን እጇ ላይ ሲፈስባት ወዲያው በኖ ይጠፋል፤ ናፍጣ ግን እንደ ቅቤ ይቀመጣል። «እትዬ፣ ይሄ ቤንዚን የሚሉት ውኃ ነው፤ ምን ጉልበት አለው ብለሽ ነው?» ትለኝ ነበር። እኔም ስቄ አልፋታለሁ።

አንድ ዓርብ ከተማ ወርደን ከስልክ ቤቱ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። መንገድ ዳር ተቀመጠች። «እማዬ ወድቃለች» አለችኝ። «ዐይኗም እያየ አይደለም አሉ። ይሄስ ይሁን። ስሜን ሲያነሱባት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች አሉኝ። እልፍነሽ ትምጣልኝ እንኳ አላለችም። ምን አድርጌያት ነው እትዬ?» አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይቺ ልጅ ለእናቷ ያላደረገችው ነገር የለም፤ ቆርቆሮውን ያለበሰች እሷ፣ ላሟን የገዛች እሷ። «በሽታው ነው፣ የታመመ ሰው እንዲህ ያደርገዋል» አልኳት። አላመነችኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አላት። እናቷ በሕይወት ሳለች ደርሳ በምን እንዳስቀየመቻት ከመጠየቅ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ዱቄት ስትነፋ እንኳ ወንፊቱን ይዛ ትፈዛለች።

ሐጃ ነገሩን ከኔ ሰምታ ለልጇ ደወለች፤ «ልጅቷ እናቷን ትይ» አለችው። የባባ ሐሰን ነገር፣ እናቱ ካለች አለቀ። መውጫና መመለሻ ቪዛውን አስመታ፣ ቲኬቱን ቆረጠ፤ ከጂዛን ጅዳ፣ ከጅዳ አዲስ አበባ። ረመዳን ደርሶ ስለነበር አውሮፕላኑ ሁሉ በመካ ተጓዥ ሞልቷል። የጂዛኑ ካመለጣት የጅዳውም ያመልጣታል፤ ሌላ ቦታ የሚገኘው ከበዓል በኋላ ነው አሉን። እልፍነሽ ይህን ከሰማች በኋላ ዐይኗ ከዚያ ከማዶው ዳገት አልተነቀለም። ወኔቷ በዚያ ሰሞን ዳገቱ ላይ ታቃስት ነበር፣ አርጅታለች። «ትወጣው ይሆን?» ትለኛለች። «ባትወጣውስ?» ትለኛለች። «ኧረ ተይኝ፣ በየሳምንቱ ትወጣው የለም ወይ!» ብዬ ተቆጣኋት። በመንገዱ ዋዜማ አመሻሽ ላይ እኔ ሻንጣዋን በገመድ ሳስር፣ እሷ ጀሪካን ይዛ ወደ ግቢው ጥግ ሄዳ ነበር። ለአህዮቹ ውኃ የምታጠጣ መስሎኝ ቀና ብዬም አላየኋት።

ጠዋት በጊዜ ተነሳን። ባባ ሐሰን መሪው ላይ፣ ሐጃ ከጎኑ፣ እኔና እልፍነሽ ከሻንጣው ጋር ከኋላ ክፍቱ ላይ። እልፍነሽ አዲስ ዐባያ ለብሳለች፤ ነጠላዋን ሻንጣው ውስጥ አጣጥፌላታለሁ። ወኔቷ ደህና ተነሳች፣ ቁልቁለቱን ወረደች፣ ሸለቆውን አቋረጠች። ዳገቱን ስትጀምር ሳል ያዛት። ሳል ነው የምላችሁ፣ ሌላ ስም የለውም። ከኋላዋ ነጭ ጭስ ተግተለተለ፣ አንገጫገጨችን፣ ከዚያ ጸጥ። ባባ ሐሰን ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ ትንፋሽ የለም። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘጋ። በመጨረሻ የታንኩን ክዳን ከፍቶ አሸተተ። እንደገና አሸተተ። «ኤሽ ሃዛ?» አለ፣ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው። «ናፍጣ! ማን ነው ናፍጣ የጨመረ?»

እልፍነሽ ዐረብኛው ባይገባትም ፊቱ ገባት። በአማርኛ፣ ለኔ፣ «እኔ ነኝ» አለች። «ዳገቱን እንድትወጣልኝ ብዬ ነው። ኃይለኛውን ልስጣት ብዬ ነው። አባዬ ለበቅሎዋ ባቄላ እንደሚሰጣት...» ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም። መኪናውን ጨብጣ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። እኔ ተረጎምኩ። በቅሎውንም፣ ባቄላውንም፣ ሁሉንም ተረጎምኩ። ባባ ሐሰን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። ሐጃ ከመኪናው ወርዳ ወደ እልፍነሽ ቀረበች። ልትቆጣ ነው አልኩ። እሷ ግን «አባቷ ለበቅሎዋ ምን ያህል ባቄላ ነበር የሚሰጣት?» አለችኝ። ለእልፍነሽ ነገርኳት። «ሁለት እፍኝ» አለች፣ እያለቀሰች። «እኛም ለአህያ ማሽላ ነበር የምንሰጠው፣ አንድ እፍኝ» አለችና ሐጃ ሳቅ ጀመረች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ዐይኗን በሻሿ ጠረገችና «ኸላስ፣ ያላ!» አለች፣ በቃ እንነሳ ማለቷ ነው። «ሐሰን፣ አንተ ታንኩን አራግፍ። ጀዋዟንና ቲኬቷን ለኔ ስጠኝ።» ጀዋዝ ፓስፖርቱ ነው።

ጎረቤታችን ኡሙ ዐሊ አህያዋን ሣር ጭና ከሸለቆው ስትወጣ ደረሰችብን። ሐጃ አንድ ቃል ተናገረቻት፤ ሴትዮዋም ሣሩን መንገድ ዳር አራገፈች። ሻንጣውን እኔና ሐጃ ልንጭን ስንሞክር እልፍነሽ እንባዋን እየጠረገች «ተዉት፣ ተዉት፣ እንዲህ አይደለም» ብላ ነጠቀችን። በአንዴ ጭና፣ አመጣጥና፣ አስራ ጨረሰች። አህያው የራሱን ሣር ጎርሶ እያኘከ ነበር፤ እያኘከ ዳገቱን ወጣ። እኛ ሦስታችን ከኋላ። ሐጃ በዚያ ዕድሜዋ ዐባያዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ ፉጨት እያፏጨች። አናቱ ላይ ደርሰን ወደ ታች ሳይ ባባ ሐሰን ከመኪናው ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። አሳዘነኝ፤ የዕረፍት ቀኑን እንዲያ አሳለፈው።

አስፋልቱ ላይ መኪና የለም። ፀሐዩ መምታት ጀምሯል። እልፍነሽ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ በከንፈሯ እመቤታችንን ትጠራለች። በስንት ጊዜው አንድ የውኃ ቦቴ እያጓራ መጣ፣ እነሱ ዋይት ይሉታል። ሹፌሩ ዐብዱ የሚባል የመናዊ ነው፣ ሐጃን ያውቃታል። አቡ ዐሪሽ ድረስ አድርሰን አለችው። «ሐጃ፣ ሙሉ ነኝ» አለ። «ውኃውን ላይኛው መንደር የሚጠብቁኝ አሉ፤ ደግሞ ሙሉ ቦቴ ቁልቁለቱን መክነፍ አይችልም፣ ውኃው እየተንገዋለለ ይገለብጠናል።» «እንግዲያው ድፋው!» አለችው። ሰውየው ዐይኑ ፈጠጠ። «ውኃ እኮ ነው ሐጃ!» «ውኃው ነገም ጉድጓዱ ውስጥ አለ። የዚች ልጅ እናት ነገ መኖሯን አንተ ታውቃለህ?» ዐብዱ እኛን አየ፣ ሻንጣውን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያ ወርዶ የኋላውን ቧንቧ ከፈተው። ውኃው ከመንገዱ ዳር የማን እንደሆነ ወደማናውቀው የደረቀ የማሽላ ማሳ ተንዶለዶለ። የማሳው ባለቤት መጥቶ ርሶ ሲያገኘው ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው። እኔ ግን በዚያ በረሃ አገር ውኃ ለሰው ሲባል ሲደፋ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጋቢናው ውስጥ አራታችን ተጣብቀን ተቀመጥን፤ ሐጃ በዐብዱና በእኛ መካከል እንደ ግንብ። የናፍጣው ሽታ ወንበሩ ውስጥ ሁሉ ገብቷል፣ ልብሳችን ላይ ተቀመጠ። ዐብዱ ወሬ ይወዳል። ምን እንደሆነብን ሲሰማ መሪውን እየደበደበ ሳቀ፤ ከዚያ ግን ትምህርት ቤት ከፈተ። እልፍነሽ በኔ በኩል «ታዲያ ናፍጣ ኃይለኛ አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። «ኃይለኛ ነው፣ ማን ኃይለኛ አይደለም አለ!» አለ። ናፍጣ የሚነደው ተጨምቆ ተጨምቆ ሲግል ነው፤ ቤንዚን ግን ብልጭታ ይጠብቃል፣ ብልጭታዋ ናፍጣውን አታቀጣጥለውም። እኔ ስተረጉምላት፣ ጥርስ ላላወጣ ሕፃን ቆሎ እንደመስጠት ነው አልኳት፤ ወዲያው ገባት። ዐብዱ ድሮ ጂዛን ወደብ ጀልባ ላይ ሠርቶ ነበር። ትንንሾቹ ጀልባዎች ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተበጥብጦላቸው ነው የሚጠጡት አለን፤ ዘይቱ ካነሰ ሞተሩ ነክሶ ይቆማል። ከሩቅ የሚያልፉት ትልልቅ መርከቦች ደግሞ እንደ ሬንጅ የወፈረ ጥቁር ነገር ነው የሚያነዱት፤ ካላሞቁት አይፈስም። «አውሮፕላኑስ?» አለች እልፍነሽ። «እሱ የፋኖስ ጋዝ ነው የሚጠጣው፣ በደንብ የተጣራ። ላይ ብርድ ነው፣ ናፍጣ ቢሆን ይረጋ ነበር።» እልፍነሽ ይህን ስነግራት ቀልድ መሰላት። «ሂጂ እቴ! ያ ሁሉ ብረት በኩራዝ ላምባ ይበራል?» ብላ ፈገግ አለች። ጠዋት ከተነሳን የመጀመሪያዋ ፈገግታ ነበረች።

አቡ ዐሪሽ መግቢያ ካለው መሐጣ አወረደን። የሐጃን ምርቃት ተቀብሎ ባዶ ቦቴውን እያንኳኳ ተመለሰ። አንድ ሽማግሌ አሮጌ ታክሲውን ቤንዚን ሞልቶ ሊወጣ ሲል ሐጃ በሩን ከፍታ ገባች፤ መጠየቅ የሚባል ነገር የለም። «መጣር!» አለችው፣ አውሮፕላን ማረፊያ። ያ መንገድ ያኔ ግራና ቀኙ አሸዋና ቁጥቋጦ ነበር። ዛሬ ሱቅ በሱቅ ሆኗል፤ ባለፈው ሐሙስ ረሐፍ አንድ የቆመ መኪና አሳይታኝ «ይሄኛው ቤንዚንም አይጠጣም፣ በኤሌክትሪክ ብቻ ነው» አለችኝ። ሽታ የለውም፣ ድምፅ የለውም። በዚያው መንገድ ዳር ደግሞ ከየመን በኩል በእግራቸው የመጡ ያገሬ ልጆች አንዳንዴ ጥላ ፈልገው ተቀምጠው አያለሁ፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ጫማቸው በጨርቅ ታስሮ። ረሐፍን አስቁሚ እላታለሁ፤ ውኃና ተምር ሰጥተናቸው እናልፋለን። እነሱን የሚያስኬዳቸው ያ ብቻ ነው። እናቶቻቸውን እያሰብኩ ከዐይኔ እስኪጠፉ ዞሬ አያቸዋለሁ።

ማረፊያው ስንደርስ ሰዓቱ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ሰልፍ አልያዝንም። ሐጃ ሰዉን እየሰነጠቀች ገባች፤ ናፍጣ ናፍጣ ስለምንሸት ሰዉም ራሱ መንገድ ይለቅልናል። ሠራተኛው ወጣት ነው፤ «ያ ሐጃ፣ ተዘግቷል» አላት። ሐጃ ጀዋዙን ፊቱ ላይ አስቀመጠችና አልጮኸችም፤ ትጮኻለች ብዬ ነበር። «በአህያ ነው ያመጣኋት» አለችው፣ ቀስ ብላ። «እናቷ ታማለች። አንተስ እናት አለህ?» ልጁ ጀዋዙን ገለጠው። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ከውስጥ ካለ ሰው ጋር ተነጋገረ፣ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ ወሰደው። እልፍነሽ የሐጃን እጅ ሳመች፣ እኔን አንቃ ያዘችኝ። በዚያ መሀል በር ተከፍቶ ከማኮብኮቢያው ነፋስ ገባ። ቀና አለች። «እትዬ፣ እማዬ ቤት ሸተተኝ። ላምባ!» አለች። እውነቷን ነበር። እኔም ሸተተኝ፤ ያ የማታ መብራት፣ ያ ኩራዝ። ተያይዘን አለቀስን፣ ከዚያ ሮጠች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ስትመለስ ጥቁር ለብሳ ነበር። እናቷ በሕይወት እያሉ ደርሳባቸዋለች። እዚያ እያለች ነው ያረፉት፣ በእጇ ነው የቀበረቻቸው። ወዲያው አልጠየቅኳትም። አንድ ቀን ሸለቆው ውስጥ ሣር ስናጭድ ማጭዷን አስቀመጠችና ራሷ ጀመረችልኝ። የገባችው እልፍነሽ መሆኗን ሲነግሯቸው እናቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ አለች። አልጋው ላይ ተደፍታ፣ ምን አድርጌሽ ነው እማዬ አለቻቸው። እሳቸው ሳይዞሩ፣ «በምን መጣሽ?» አሏት። ሌላ የምትለው ስላልነበራት ነገረቻቸው፤ መኪናው በናፍጣ ታፍኖ እንደሞተባት፣ በአህያ እንደወጣች፣ ቦቴው ውኃውን እንደደፋላት፣ በታክሲ፣ በአውሮፕላን፣ ጅዳ አድራ ደግሞ በአውሮፕላን፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከከተማው በጋሪ። ስትነግራቸው እናቷ ቀስ እያሉ ወደሷ ዞሩ። «ድገሚው» አሏት። ደገመችላቸው። ጎረቤት ሲገባም «ንገሪያቸው፣ ከየት እንደመጣሽ ንገሪያቸው» ይሏታል። ለካስ ከጅዳ የተመለሰች የሰፈሩ ልጅ ናት ነገሩን ያመጣችው፤ በአውሮፕላን ቁርስ በልቶ ተነስቶ ለምሳ አገር ቤት መድረስ ነው ብላ አውርታ ነበር። እሳቸውም ያን ሰምተው፣ ልጄ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ተቀምጣ ይሄን ሁሉ ዓመት አላየኝም አለች ብለው በሆዳቸው ይዘውት ኖረዋል። ለማንም አልተናገሩም። እልፍነሽ ደጋግማ ከነገረቻቸው በኋላ ፊቷን በሁለት እጃቸው ዳበሱና «ሩቅ ነበርሽ ለካ» አሏት። «ተመስገን። ሩቅ ነበርሽ።»

እልፍነሽ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ፊቷ ላይ ዕረፍት ነበረ። ማጭዷን አንስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሣሩ ውስጥ ተቀምጬ የቀረሁት እኔ ነኝ። የኔ እናት ከዚያ ዓመት ቀደም ብላ ነው ያረፈችው፣ እኔ እዚሁ ኮረብታ ላይ እያለሁ። አውሮፕላን ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ እሷንም ነግረዋት ነበር።